ለገና ከልጆች ጋር ባሕር ዳር፦ ምን እናሳያቸው?

ሰላም ቤተሰብ። የ4 እና የ9 ዓመት ልጆች አሉን። እማዬም አብራን ትመጣለች፤ ጉልበቷን ያማታል። ጀልባ ላይ ብዙ ሳንቆይ የት እንሂድ? ሐይቁ ውስጥስ መዋኘት ይቻላል?

መልስ 1፦
እዚሁ ተወልጄ ያደግሁ የሦስት ልጆች እናት ነኝ። እህቴ፣ መዋኘቱ ይቅር! ጣና ብልሃርዚያ አለበት፤ ጉማሬም አለ። ጀልባውን በጠዋት ያዙ፤ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል። ለእማዬ የሚሻለው የደሴቱ ገዳም ደብረ ማርያም ነው፤ ቅርብ ነው፣ ሴቶችም ይገባሉ። ክብራን ገብርኤል የሚባለው ገዳም ግን ለወንዶች ብቻ ነው። ዓባይ ከሐይቁ የሚወጣበት ጋ ሞተሩን አጥፉልን በሉ። ጸጥ ሲል መጀመሪያ ሁለት ጆሮ ብቅ ይላል፣ ከዚያ ጉማሬው እፍ ይላል። ትንሿ ልጄ ያኔ እጄን ጭምቅ አድርጋ ይዛ ትንፋሿን ዋጠች። የደንገል ታንኳም አሳዩአቸው፤ ልጆች በሣር ጀልባ መቀዘፉን ማመን ያቅታቸዋል።

መልስ 2፦
ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በገና ግን ውኃው ይቀንሳል። ፏፏቴውን ሞልቶ ለማየት መስከረም ወይም ጥቅምት ኑ። ለአሁኑ ሐይቁ ዳር ትኩስ የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ ብሉ። ለትንሹ እሾሁን ልቀሙለት።

ጠያቂዋ፦
ተባረኩ! እማዬ ደብረ ማርያምን ስትሰማ ነጠላዋን ማጠብ ጀምራለች።