የተጎታች ካምፐሬ የሚታጠፍ ግድግዳ አልተኛ አለ፣ ጣሪያውም አልዘጋ! አስቸኳይ

ጠያቂ (ሰበታ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ራሴ የሠራሁት በመኪና የሚጎተት ማደሪያ ነው፣ የእንባ ቅርጽ ያለው፣ ቲርድሮፕ የሚሉት። ቅዳሜ ወደ ላንጋኖ እንወጣለን። ግራና ቀኝ ግድግዳው በማጠፊያ ወደ ውስጥ ይተኛል። ቀኙ በደንብ ተኛ፤ ግራው ግን ላዩ ላይ ሲወርድ ጫፉ ሦስት ሳንቲ ተኩል ያህል ተነስቶ ይቀራል። ጣሪያውን ተጭነን ልንዘጋ ስንል የግራው ማጠፊያ ብሎኖች እንጨቱን እየሰነጠቁ መነቀል ጀመሩ። በትልቅ ማጠፊያ ልቀይረው? የቻላችሁ ቶሎ መልሱልኝ።

ቡራዩ ጋራዥ፦ ማጠፊያህ ቀጭን ነው። ወፍራም የብረት በር ማጠፊያ ግጠምበት፣ አለቀ።

አናጺው (ገላን)፦ መጀመሪያ ልኩን ስጠን። የውስጥ ስፋት? የግድግዳው ቁመት? ውፍረቱስ?

ለገጣፎ፦ ቆይ፣ ቲርድሮፕ ጎኑ ይታጠፋል እንዴ? ጥቅሙ ዝቅ ማለቱና ንፋስ አለመግፋቱ ነው። ቁመት ከፈለግህ ላይኛውን በሸራ ሥራው፤ ክብደቱም ይቀንሳል።

ጠያቂ፦ ሸራ አልፈልግም፣ ክረምት ላይ ሱሉልታ ልናድርበት ነው። ኩርባው ከኋላ በኩል፣ ግድግዳው ከሚታጠፍበት መስመር በታች ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው ቀጥ ያለ ሳጥን ነው። የውስጥ ስፋት 145 ሳንቲ፣ ርዝመት 180፣ ግራና ቀኝ ግድግዳ እኩል 80። ውፍረት 28 ሚሊ፦ መሃሉ 20 ሚሊ ፎም፣ በሁለት ወገን ባለ 4 ኮምፔልሳቶ።

አናጺው (ገላን)፦ አሁን ተገኘ። 80 እና 80 ሲደመር 160 ነው፤ ያለህ 145። ስለዚህ ግራው ቀኙን በ15 ሳንቲ ይደርበዋል። ሁለቱም ማጠፊያ እኩል ከፍታ ላይ ስለሆነ ግራው ሲወርድ በቀኙ ጫፍ ላይ ይንጠለጠላል። ጣሪያውን ስትጫን ያ ጫፍ መደገፊያ ይሆንና ኃይሉ ማጠፊያውን ወደ ላይ ይነቅለዋል። ወፍራም ማጠፊያ ብታስገባ ማጠፊያው ይቆይና እንጨቱ ይሰነጠቃል።

መፍትሔው የግራውን ማጠፊያ ከፍ ማድረግ ነው። በግራው የሳጥን ጠርዝ (የማይታጠፈው የታችኛው አካል አናት) ላይ 32 ሚሊ ከፍታ ያለው ደረቅ እንጨት ከዳር እስከ ዳር ጨምር፦ 28ቱ ለግድግዳው ውፍረት፣ 4ቱ በሁለቱ መሃል ለሚገባው ጎማና ለማጠፊያው ጉብታ። ከዚያ ግራውን ግድግዳ ከታች በኩል በ32 ሚሊ አሳጥረው፣ 76.8 ሳንቲ ይሁን፤ ያኔ ሁለቱ ሲቆሙ አናታቸው እኩል ይሆናል። ስትቆርጥ የዳሩ እንጨት አብሮ ይሄድና ፎሙ ይጋለጣል። ፎሙን 4 ሳንቲ ወደ ውስጥ ፍቀህ 20 ሚሊ ውፍረት ያለው ጣውላ አስገባ፤ የማጠፊያው ብሎን የሚይዘው እሱን ነው። በማስቲሽ እንዳታጣብቅ፣ ፎሙን ይበላዋል። በነጭ የእንጨት ኮላ አጣብቀህ ከባድ ነገር ጫንበትና ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ተወው፤ ፎም አየር ስለማያስገባ ኮላው ቶሎ አይደርቅም።

ብሎኑም ከጠርዝ አይገባም፣ የኮምፔልሳቶውን ንብርብር ይከፍተዋል። ባለ 5 ብሎን በፊቱ በኩል አሳልፈህ ከጀርባ በሰፊ ሮንዴላና በማይፈታ ዳዶ እሰረው፣ በየ15 ሳንቲው።

ቡራዩ ጋራዥ፦ ታዲያ ለምን ሁለቱንም 8 ሳንቲ አይቆርጣቸውም? 72 እና 72፣ 144። እኩል ይተኛሉ።

አናጺው (ገላን)፦ ይተኛሉ፣ ግን ውስጥ የመቀመጫ ቁመት 8 ሳንቲ ይቀንሳል፤ ጣሪያው የሚነሳው ደግሞ ለዚያ ቁመት ሲባል ነው። የቀረው ክፍተትም 1 ሳንቲ ብቻ ነው።

አስኮ፦ ለቅዳሜው የሠርግ ድንኳን ተከራይ ወንድሜ፣ ወንበርም ይጨምሩልሃል 😄 ቀልዱን ትተን፣ የፊትና የኋላው ግድግዳ የት ነው የሚታጠፈው? አልነገርከንም።

በያጅ (ዱከም)፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። የፊቱንና የኋላውን ከጣሪያው ላይ ስቀላቸው። 80 እና 80፣ 160 ስለሚሆን በ180 ርዝመት ሳይደራረቡ ጣሪያው ሥር ይተኛሉ። ሲወርዱ በሁለቱ ጎኖች መካከል ገብተው ስለሚወጥሯቸው ሳጥኑ በንፋስ አይወላገድም። ሲከፈት ጣሪያው ይነሳና በአራት ማዕዘን በድጋፍ ይቆማል፣ ቀጥሎ ግራው፣ ቀጥሎ ቀኙ፣ መጨረሻ ፊትና ኋላ። ሲዘጋ ግልባጩ። ድጋፉ ሳይቆም ከታች ማንም እንዳይገባ።

ከፍታውንም አስላ፦ 32 የእንጨቱ፣ 28 የግራው ግድግዳ፣ 28 ጣሪያው ሥር የተኛው፣ ድምሩ 88 ሚሊ። ጣሪያህ ከሳጥኑ ጠርዝ በላይ ቢያንስ 95 ሚሊ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ ለውኃ ደግሞ ከጠርዙ ውጭ ሌላ 5 ሳንቲ ወደ ታች ይውረድ።

ለገጣፎ፦ እሺ፣ በሸራው ጉዳይ ተረታሁ። ግን ዝናብ በማጠፊያው መስመር ይገባል። ከአሮጌ ከመነዳሪ 6 ሳንቲ ስፋት ያለው ጎማ ቁረጥ፣ የላይኛውን ዳር ብቻ ከግድግዳው ውጭ በኩል ያዘው፣ ታችኛው በሳጥኑ ላይ ተንጠልጥሎ ይቅር። ሁለቱንም ዳር ካጣበቅኸው ሲታጠፍ ይቀደዳል። ሲሊኮን እዚያ አይሠራም፣ የሚንቀሳቀስ መገጣጠሚያ ላይ ይላቀቃል።

ሌላው የአየር ቀዳዳ ነው፦ አንድ ከታች፣ አንድ ከላይ በተቃራኒው ጎን። ሱሉልታ ሌሊት ይበርዳል፣ ሁለት ሰው ሲተነፍስ ግድግዳው ያልበዋል። ሲበርድ ከሰል ይዞ መግባት ግን ፈጽሞ አይታሰብም፤ ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። 32 ሚሊ እንጨት አላገኘሁም፣ የቤት በር የተረፈ 40 በ50 ሞራሌ አለኝ። 40ው ይሆናል?

አናጺው (ገላን)፦ ወደ 32 አስልገው። 40ውን እንዳለ ካደረግኸው ግድግዳው ወደ 76 ይወርዳል፣ ግራውም ሲተኛ ከቀኙ በ12 ሚሊ ከፍ ብሎ ያለ ድጋፍ ይንጠለጠላል፤ ኮረኮንች መንገድ ላይ እየዘለለ ይሰበራል።

በያጅ (ዱከም)፦ የጣሪያህ ጥልቀት ስንት ነው? ሞራሌውን ከመላግህ በፊት እሱን ለካ።