«ባፕቲስት ቻፕል» በአማርኛ ምን ይባላል?

ተጓዥ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እናቴ ልትጠይቀኝ እንግሊዝ አገር በመጣች ጊዜ ቱክስበሪ የምትባል የግሎስተርሻየር ትንሽ ከተማ ወስጄ አሳየኋት። ከትልቁ የጥንት ገዳም አጠገብ፣ በጠባብ መተላለፊያ ውስጥ፣ «አሮጌው ባፕቲስት ቻፕል» የሚባል ቤት አለ። በ15ኛው መቶ ዘመን ለመኖሪያ የተሠራ የእንጨት ቤት ነው፤ ባፕቲስቶች የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ማምለኪያ ያደረጉት በ17ኛው ነው። እናቴ ልትሳለም ነጠላዋን ካስተካከለች በኋላ ቀና ብላ አየችና «ጉልላት የለው፣ መስቀል የለው፣ ይሄማ የሰው ቤት ነው» አለች። ውስጥ ገብተን ከወለሉ ሥር ያለውን ገንዳ ስታይ ደግሞ «የእህል ጉድጓድ ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። መጠመቂያ መሆኑን ነገርኳት እንጂ የቤቱን ስም መተርጎም አቃተኝ። ቤተ ክርስቲያን ልበለው ወይስ ጸሎት ቤት?

ፊደል ቆጣሪ፦
እናትዎ አልተሳሳቱም፤ የሰው ቤት መምሰሉ ባፕቲስቶቹን ጠቅሟቸዋል። እ.ኤ.አ. በ1664 የወጣው ሕግ ከመንግሥቱ ቤተ ክርስቲያን ውጭ ለአምልኮ መሰብሰብን ከልክሎ ነበር፤ ከቤተሰቡ ሌላ ከአምስት ሰው በላይ ከተገኘ ያስቀጣል። ሌላ ሕግ አምልኳቸውን እስከፈቀደበት እስከ 1689 ድረስ ጉልላት የሚያቆም ማን ነው?
ወደ ቃሉ ልምጣ። «ቻፕል» መነሻው የቅዱስ ማርቲኖስ ካባ የተቀመጠበት ቤት ነው፤ ለእኛ ብዙም አይረዳንም። «ባፕቲስት» ግን ከግሪኩ «ነከረ፣ ዘፈቀ» ስለሚወጣ ከግእዙ «ጠመቀ» ጋር ይገጥማል። ጠላ የምንጠምቀውም በዚሁ ሥር ነው፤ ጌሾና ብቅሉን ውኃ ውስጥ መንከር ነውና። አንዲት ፊደል ስትለወጥ «መጥመቂያ» የጠላው፣ «መጠመቂያ» የክርስቲያኑ ይሆናል። ስለዚህ «የአጥማቂዎች ጸሎት ቤት» ቢሏቸውስ?

ዘጎንደር፦
«አጥማቂ»ን ይተዉት ጋሼ! ዛሬ አጥማቂ ሲባል ሰው የሚያስበው ጸበል ቦታ ቆሞ መቋሚያ ይዞ ርኩስ መንፈስ የሚያስለፈልፈውን ነው። ባፕቲስት ባፕቲስት ይባል። ስለ ቤቱ ግን፣ «ቤተ ክርስቲያን» በእኛ ትምህርት ሦስት ነገር ነው፦ ሕንጻው፣ የምእመናን ማኅበርና እያንዳንዱ ምእመን። ባፕቲስቶች አጥብቀው የያዙት ማኅበሩን ነው። እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ አዲስ ሕንጻ ሲዛወሩ፣ በእነርሱ አነጋገር ቤተ ክርስቲያኑ ሄደ፣ ቤቱ ቀረ። ከፊሉም ተመልሶ መኖሪያ ሆነ፤ የታደሰው በ1970ዎቹ ነው። ታቦት ወጥቶለት የማያውቅን ቤት «ቤተ ክርስቲያን» ቢሏቸው እናትዎም አይቀበሉም።

ተርጓሚዋ፦
«ጸሎት ቤት» በአንዳንድ ሰው አፍ ማሳነሻ ስለሚሆን እኔ እጠነቀቃለሁ። ፕሮቴስታንቶቻችን ራሳቸው ተቋማቸውን ቤተ ክርስቲያን፣ የሚሰበሰቡበትን ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳራሽ ይሉታል። የቱክስበሪው ቤት ሲሠራም መሀሉ እስከ ጣራው ክፍት የሆነ አዳራሽ ነበር። «አሮጌው የባፕቲስቶች አዳራሽ» ብትላት በሁለት በኩል እውነት ነው።

ተጓዥ፦
ደውዬ እንዲሁ አልኳት። «አዳራሽማ ከሆነ ጫማዬን ለምን አስወለቅከኝ?» አለች። እኔ አላስወለቅኋትም፤ ደፉ ላይ ስትደርስ ራሷ ነበረች ያወለቀችው።