ለሁለቱ እህቶቻችን የምንሰፋው ብርድ ልብስ፦ የዕቅድ ውይይት

ሰብሳቢ፦ እህቶቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እንደምታውቁት ሁለቱ እህትማማቾች ጓዛቸውን ጠቅልለው ሰኔ ላይ ወደ ደብረ ብርሃን ሊሄዱ ነው። የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ከገባንበት ጊዜ ጀምሮ በኀዘኑም በደስታውም ከፊት የሚገኙት እነሱ ናቸውና ባዶ እጃቸውን አንሸኛቸውም። ከየቤታችን ጨርቅ አዋጥተን፣ ቀጣጥለን፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ብርድ ልብስ በእጃችን ብንሰፋላቸው ምን ይመስላችኋል? እሑድ ለስብሰባው የሚቀርበውን ሐሳብ ከምትጽፉት እናወጣለን። እነሱ ጆሮ እንዳይደርስ አደራ።

ገንዘብ ያዥ፦ ሐሳቡ ደስ ይላል። ግን ደብረ ብርሃን እኮ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለባት ከተማ ናት። ገንዘብ አዋጥተን የአንገት ወርቅ ብንገዛላቸውስ?

አንዲት አባል፦ የፋብሪካውን እዚያው ይገዙታል። የልጄን የክርስትና ልብስ ግን የትም አያገኙትም። ምጥ ሲይዘኝ በሌሊት መኪና ፈልጋ ሆስፒታል ያደረሰችኝ ታላቂቱ ናት፤ ከዚያ ልብስ አንድ ቁራጭ የእሷ ላይ እንዲገባ እፈልጋለሁ።

ልብስ ሰፊ፦ ሙያዬ ስለሆነ ስለ አሠራሩ ልናገር። ሦስት ንብርብር ነው፤ ላዩ የምንቀጣጥለው፣ መሐሉ የሚያሞቀው፣ ሥሩ ገበሩ። ሦስቱን አንድ የሚያደርጋቸው ከላይ እስከ ገበሩ የሚዘልቀው ስፌት ነው። እሱ ከሳሳ መሐሉ ገና በመጀመሪያው አጠባ ሸሽቶ ጥግ ላይ ይጓጉላል። መጠኑ 150 በ200 ሳንቲ ሜትር ይሁን። አንዱ ካሬ ተሰፍቶ 25 ሳንቲ ሜትር ቢወጣ፣ በወርዱ 6 በቁመቱ 8፣ በጠቅላላው 48 ካሬ ይሆናል። በየጎኑ 1 ሳንቲ ሜትር ለስፌት ስለሚገባ ሲቆረጥ 27 በ27 ነው። በዓይን ግምት የሚቆርጥ እንዳይኖር፤ በልኩ ካርቶን ቆርጬ ለየብሎኩ እሰጣለሁ። ግማሽ ሳንቲ ሜትር ስሕተት 8 ጊዜ ሲደራረብ 4 ሳንቲ ሜትር ነው፣ ረድፉ ከረድፉ አይገጥምም።

ጨርቁ ጥጥ ይሁን፤ ሳይታጠብም አይቆረጥ፣ ጥጥ ውኃ ሲነካው ይሰበሰባል። ቀይና ጥቁር ሰማያዊውን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ አሹት፤ ቀለም ከለቀቀ ይቅር፣ አጠገቡ ያለውን የሀበሻ ቀሚስ ያበላሻል። የዩኒፎርም ቴትሮን አታምጡ፣ የጥጡን ያህል የካውያ ሙቀት አይችልም።

ጸሐፊ፦ 24 ነን። ለሁለቱ 96 ካሬ ካስፈለገ ለአንድ ሰው 4 ይደርሳል፤ ሁለት ለታላቂቱ፣ ሁለት ለታናሺቱ።

ገንዘብ ያዥ፦ መሐሉስ? መርካቶ ትራስ የሚሞሉበት ፋይበር አለ፣ ቀላልም ነው።

የማኅበሩ እናት፦ ልጆቼ፣ እሱን ተዉት። ከሰል በሚነድበት ቤት ፍም ከተፈናጠረበት ይቀልጣል። ጥጥ ገዝተን እናባዝት እንዳልል፣ ባዘቶ በጣም የተጠጋጋ ስፌት ይፈልጋል፤ ለሰኔ አይደርስላችሁም። እኔ የምለው ያገለገለ ጋቢ ነው። ጋቢ አራት ድርብ ነው፤ ጥለቱ ቢያልቅ እንኳ ገላው ደኅና ይቆያል። የተሸመነ ስለሆነ አይሸሽም፤ በታጠበ ቁጥርም ይለሰልሳል። የባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጋቢው ሣጥን ውስጥ አለ። ሲታመም ሌት ተቀን ያስታመሙት እነዚሁ ልጆች ናቸው፤ እነሱው ይሙቁበት።

ገንዘብ ያዥ፦ እማማ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ወርቁን ትቼዋለሁ። ለሁለተኛው ጋቢ የሚሰጥ ከሌለ ከሽሮ ሜዳ አዲስ እንገዛለን፣ መዋጮው ውስጥ ይግባ።

ልብስ ሰፊ፦ እማማ ያሉት ትክክል ነው። በጋቢ ከሆነ ስፌቱ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ቢያልፍ ይበቃል። አዲስ ከተገዛ ግን እሱም አስቀድሞ ይታጠብ።

ወጣት አባል፦ አሜሪካ ውስጥ በ1840ዎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ርቀው ለሚሄዱ ወዳጆች እንዲህ ያለ ብርድ ልብስ ሲሰፉ ሰጪዎቹ በየካሬው ስማቸውን ያሰፍሩ ነበር። እኛም ብናደርገው?

ሰብሳቢ፦ በጥልፍ ይሁን፤ እስክሪብቶ በሳሙና ይለቃል።

የማኅበሩ እናት፦ የእኔ ዓይን ለጥልፍ አይሆንም፤ የልጅ ልጄ ትጥለፍልኝ።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ለእሑድ የሚቀርበው ይህ ነው። እያንዳንዷ አባል አራት የታጠበ የጥጥ ካሬ፣ 27 በ27፣ ስሟን ጠልፋበት እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ለብሎኳ ተጠሪ ታስረክባለች። መሐሉ ጋቢ፣ ገበሩ አቡጀዲ ነው። ካሬዎቹን ልብስ ሰፊዋ በእግር በሚሠራው ሲንጀሯ ትገጣጥማለች፤ መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ግንቦት ላይ በሁለት ቅዳሜ በኮሚናሉ፣ በጋራ መጠቀሚያው ቤት፣ ወለል ላይ ገበሩን ወጥረን፣ ጋቢውንና ላዩን ደርበን፣ ከመሐል ወደ ዳር በመርፌ ቁልፍ ይዘን፣ ሁላችንም ዙሪያውን ተቀምጠን በእጅ እንሰፋለን። መዋጮው ለአቡጀዲ፣ ለክርና ምናልባት ለአንድ ጋቢ ብቻ ነው፤ ዋጋውን ገንዘብ ያዥ ጠይቃ ታቀርባለች።

አንዲት አባል፦ ጨርቅ ማምጣት ያልቻለች ካለችም ከስፌቱ አትቅር፣ እኔ ተጨማሪ ካሬ አመጣላታለሁ። ይህም ይጻፍ።

ልብስ ሰፊ፦ ገበሩ ከላዩ በየጎኑ 5 ሳንቲ ሜትር ይብለጥ፤ 160 በ210 ብለሽ አስገቢው፣ አለዚያ አቡጀዲው ሲገዛ ያጥራል።

ጸሐፊ፦ ሁለቱንም አስገብቻለሁ።