«ቡድሃ ሚት ሮክ» በዳግም ኅትመት፦ የሚዋዥቀው ዜማው ነው ሸክላው?

ሸክላ ወዳጅ፦
ፒፕል የተባለው የጃፓን ባንድ የቡድሂስት ጸሎት ዜማን ከሮክ ጋር አዋህዶ በ1971 እ.ኤ.አ. በቴይቺኩ ሙዚቃ አሳታሚ በኩል ያወጣው «ሴሬመኒ፦ ቡድሃ ሚት ሮክ» በሸክላ እንደገና ታትሟል። በገዛሁት ቅጂ የሸክላው ገጽ ወደ ማለቂያው ሲቃረብ ድምፁ ከፍ ዝቅ ይላል። ዜማው ራሱ እንዲህ ነው ወይስ ሸክላው ለሻጩ ይመለስ?

ባለ መርፌ፦
ሾምዮ፣ ማለትም የቴንዳይና የሺንጎን ቡድሂስቶች የጸሎት ዜማ፣ «ዩሪ» የሚባል ሆን ተብሎ ድምፅ የሚወዛወዝበት ስልት አለው። (እንደኛው ድጓ በጽሑፉ ላይ የዜማ ምልክት ይደረግለታል።) ስለዚህ ዘማሪዎቹን ተዋቸውና ቤዝ ጊታሩን አድምጥ። ቤዙም አብሮ ከተወዛወዘ ዩሪ አይደለም።

ቀጥሎ ሰዓት ያዝ። በደቂቃ 33⅓ ዙር በሚሄድ ሸክላ አንድ ዙር 1.8 ሰከንድ ነው። ውዝዋዜው ልክ በየ1.8 ሰከንዱ ከተመላለሰ ችግሩ ሸክላው ላይ ነው። መርፌውን የያዘውን ክንድ ተመልከት፦ ግራና ቀኝ ከሄደ የሸክላው ቀዳዳ ከመሃል ስቷል፤ ላይና ታች ካለ ሸክላው ጎብጧል። ወጥ ጊዜ የማይጠብቅ መንቀጥቀጥ ግን የማጫወቻው ቀበቶ ወይም ሞተር ችግር ነው፣ በሌላ ሸክላም ይሰማል።

ሸክላ ወዳጅ፦
ታዲያ የገጹ መጀመሪያ ላይ ለምን አይሰማም?

ባለ መርፌ፦
ቀዳዳው ግማሽ ሚሊሜትር ቢስት፣ ከመሃሉ 146 ሚሊሜትር በሚርቀው ጠርዝ ላይ የፍጥነቱ መዛነፍ 0.35 በመቶ ገደማ ነው፤ 60 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ ከ0.8 በመቶ ያልፋል። ከበሮ በበዛበት ሙዚቃ ብዙ ሰው ልብ አይለውም፤ ረጅም፣ የረጋ ድምፅ ግን ያጋልጠዋል። ውዝዋዜ ሳይሆን «ስ» እና «ሽ» ላይ መሻከር ብቻ ቢሆን ኖሮ የመርፌውን ክብደትና አቀማመጥ አስተካክል እልህ ነበር።

ጠርዝ፦
መመለስ ይሻላል። ሻጩ እምቢ ካለ 400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት እርሳስ ላይ ጠቅልለህ ቀዳዳውን ዙሪያውን እኩል አስፋ፤ ግማሽ ሚሊሜትር እንዲላወስ ብቻ። ብናኙን ሳትጠርግ መርፌ አታሳርፍ። ከዚያ ክንዱን እያየህ፣ መወዛወዙ እስኪቆም ሸክላውን በትንሽ በትንሹ ግፋ። ሁለቱ ገጾች የሚታተሙት በተለያየ የማተሚያ ቅርጽ ስለሆነ አንዱ ልክ ሆኖ ሌላው ሊስት ይችላል፤ ሲገለበጥ እንደገና ማስተካከል ያስፈልጋል። አንዴ ከሞረድከው የመሸጫ ዋጋው እንደሚወድቅ ግን እወቅ።

ሌላም ነገር፦ በሽፋኑ ላይ የምትጠመጠመው የወረቀት መቀነት፣ «ኦቢ»፣ የመጀመሪያ ኅትመት ማስረጃ አይደለችም። ዳግም ኅትመቶችም ይዘዋት ይወጣሉ።

አድማጭ፦
«ቡድሃ ሚት ሮክ»ን ፎክ ብለው የሚሸጡ አሉ። በአልበሙ ላይ የሚጫወተውን የኪሚዮ ሚዙታኒን ጊታር የሰማ ሰው ፎክ አይለውም፤ ሮክ ነው። የጃፓን ፎክ የፈለገ በሃሩኦሚ ሆሶኖ አዘጋጅነት በ1972 የወጣውን የዘፋኟ ሳቺኮ ካኔኖቡን «ሚሶራ» አልበም ይያዝ። እሱም እንደገና ታትሟል።

ሸክላ ወዳጅ፦
ቤዙም ይወዛወዛል። 1.8 ሰከንድ፣ ግራና ቀኝ። ይመለሳል።