ከረጢቱ ላይ ያለው ኤምኤፍአይ ምን ማለት ነው?

ጀሪካን ነፊው፦
ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ጀሪካን በሚነፋ ማሽን ላይ ነው። የለመድነው ኤችዲፒኢ (ጠጣር የፖሊኢትሊን ፕላስቲክ) ከረጢቱ ላይ ኤምኤፍአይ 0.35 ይላል። ሰሞኑን እሱ ከገበያ ጠፋና ሌላ ኤችዲፒኢ ተገዛ፤ ይሄኛው 8 ይላል። ሻጩ «ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ጥራቱም ይበልጣል» ብሎ ነው የሸጠልን። ማሽኑ ላይ ሲገባ ግን ከዳዩ (ከማሽኑ አፍ) የሚወርደው የቀለጠ ቱቦ ሞልዱ (ቅርጽ ማውጫው) እስኪዘጋ አይጠብቅም፤ በራሱ ክብደት እየተለጠጠ ይወርዳል። የጀሪካኑ ትከሻ ስስ፣ ታቹ ወፍራም ሆነብን። ሙቀት ብንቀንስም ብዙ አልተሻለውም። ይሄ ኤምኤፍአይ የሚሉት ነገር ምንድነው? የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

የጥራት ክፍሏ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ማሽንህ ምንም አልሆነም። ጥሬ ዕቃው ነው ለዚህ ሥራ ያልሆነው። ሻጩ ያለህን እኔም በየጊዜው ስለምሰማው በጣም ያናድደኛል። ኤምኤፍአይ የጥራት ደረጃ አይደለም።

እኔ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ የምለካው ይህንኑ ነው። ጠባብ የብረት በርሜል 190 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ ይሞቃል። ጥቂት ግራም የፕላስቲክ ፍሬ ጨምረህበት እስኪቀልጥ ትጠብቃለህ። ከዚያ ከላይ በፒስተን 2.16 ኪሎ ይጫነዋል። ከታች ስፋቷ 2.095 ሚሊሜትር የሆነች ቀዳዳ አለች። በእሷ የሚወጣውን ክር ሰዓት ይዘን በስለት እየቆረጥን እንመዝነዋለን። በ10 ደቂቃ ስንት ግራም ይወጣል? መልሱ ኤምኤፍአይ ነው። ክሩን በዓይንህ ብታየው ልዩነቱ ይገባሃል። 0.35ቱ ወፈር ብሎ ቀዳዳዋ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል። 8ቱ ቀጥኖ ቶሎ ቶሎ ይወርዳል።

ምክንያቱ የሞለኪዩል ሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ረጅም ሰንሰለት ቀልጦም እርስ በርሱ እንደተጠላለፈ ነው፤ በቀላሉ አይላቀቅም። ርዝመቱ እጥፍ ሲሆን ማፍሰሱ 10 እጥፍ ገደማ ይከብዳል። እና ቁጥሩ ዝቅ ሲል ሰንሰለቱ ረጅም ነው ማለት ነው። ለንፋት የሚፈለገው ይሄ ነው፤ ቱቦው አየር ላይ ተንጠልጥሎ ራሱን መሸከም አለበት። 8 የኢንጄክሽን ነው። እዚያ ቅልጡ በግፊት ሞልዱ ጥግ ድረስ ቶሎ መግባት ስላለበት ፈሰስ ማለቱ ይጠቅማል።

አንድ ነገር አደራ። ቅርጹ ቢስተካከልልህ እንኳ በ8ቱ የተሠራ ጀሪካን ውስጥ ፈሳሽ ሳሙና እንዳይሞላ። ሰንሰለቱ አጭር የሆነ ፕላስቲክ ሳሙና ሲነካው ጫና ያለበት ቦታ ላይ፣ በተለይ እጀታው ሥርና ታች መጋጠሚያው ላይ፣ ቆይቶ ይሰነጠቃል። ከፋብሪካ ሲወጣ ደህና ይመስላል። ችግሩ የሚመጣው መጋዘን ውስጥ ተደራርቦ ሲከርም ነው።

ጀሪካን ነፊው፦
እህቴ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገባኝ። ግን ሌላ ነጋዴ ያሳየኝ ከረጢት 10 ይላል። ሰውዬው «ለንፋት ነው» ብሎ ይምላል። እሱም ዋሽቶኛል?

የጥራት ክፍሏ ልጅ፦
ከቁጥሩ ጎን ምን ተጽፏል?

ጀሪካን ነፊው፦
190/21.6 ይላል።

የጥራት ክፍሏ ልጅ፦
እንግዲያው አልዋሸህም። የተለካው 21.6 ኪሎ ተጭኖበት ነው፣ አሥር እጥፍ ክብደት። ቅልጡ በተገፋ ቁጥር እየቀጠነ ስለሚሄድ ፍሰቱ ከ10 እጥፍም በላይ ይጨምራል። ያው ዕቃ በ2.16 ኪሎ ቢለካ ከ1 በታች ነው የሚመጣው። ሙቀቱና ክብደቱ ያልተጻፈበት ቁጥር ይዞ ለሚመጣ ሻጭ ገንዘብ አትክፈል።

ፒፒ ፈጪ፦
እኔም ልጨምር። ፒፒ (ፖሊፕሮፒሊን፣ ሌላ ዓይነት ፕላስቲክ) የሚለካው በ230 ዲግሪ ስለሆነ ከፒኢ (ከፖሊኢትሊን፣ ኤችዲፒኢም ከእሱ ወገን ነው) ቁጥር ጋር አታወዳድሩት። ሪሳይክል ላይ ደግሞ ፒፒ በቀለጠ ቁጥር ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ ኤምኤፍአዩ ይወጣል። ፒኢ ግን ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ ሊያያዙም ስለሚችሉ ቁጥሩ የሚወርድበት ጊዜ አለ። የተፈጨ ዕቃ የምትገዙ ሰዎች ከረጢቱን አትመኑ፣ ናሙና አስለኩ።

ጀሪካን ነፊው፦
የመጨረሻ ጥያቄ። 8ቱ ብዙ ከረጢት ተርፎናል። ከድሮው ጋር ግማሽ በግማሽ ብንቀላቅለውስ?

የጥራት ክፍሏ ልጅ፦
1.7 አካባቢ ይመጣልሃል። ለጀሪካን አሁንም በጣም ቀጭን ነው፤ የሳሙናውም ስጋት አይቀርም። ጥሩ ዕቃህን አታበላሽበት። ባልዲና የጠርሙስ ሳጥን በኢንጄክሽን የሚያመርቱ ፋብሪካዎች 8ቱን ይፈልጉታል። ለግዢ ክፍላችሁ ንገርና ከእነሱ ጋር ይቀያየሩ።