ዴቪን ታውንሴንድን ከየትኛው አልበም ልጀምር? ጩኸት ብዙም አልወድም፣ ጊታር ግን እነካካለሁ

ናቲ ከሃያሁለት (ጠያቂ)፦

ሰላም ቤተሰብ፣ እንዴት ናችሁ። አንድ የስራ ባልደረባዬ የካናዳዊውን የሜታል ሙዚቀኛ የዴቪን ታውንሴንድን አልበሞች ፍላሽ ላይ ሞልቶ ሰጠኝ፣ ከሃያ በላይ ፎልደር ነው፣ ቅደም ተከተል የለው ምን የለው። መጀመሪያ እጄ የገባው ዲኮንስትራክሽን የሚባለው ነበር፣ ኦርኬስትራው ድራሙ ጩኸቱ ሁሉም ባንዴ ወረደብኝና ሶስተኛው ዘፈን ላይ ዘጋሁት። ከዛ ጎስት የሚለውን ከፈትኩ፣ ዋሽንት፣ አኩስቲክ ጊታር፣ ሰውየው በለሆሳስ ነው የሚዘፍነው! እነዚህ ሁለቱ የአንድ ሰው ስራ ናቸው? ጥያቄዬ በቃ ይሄ ነው፣ ሜታል ላይ ጀማሪ የሆነና ጩኸት ቶሎ የሚሰለቸው ሰው ከየት ጀምሮ ወዴት ይሂድ? አንዳንዶች ደግሞ ድሮ ቀረ አሁን ለስልሷል ይላሉ፣ እውነት ነው? ሌላው፣ ኮርዶቹን በለመድኩት ቅኝት ልይዛቸው ብሞክር አልመጣ አሉኝ፣ ጊታር የምትጫወቱ ካላችሁ እባካችሁ።

ሰላም ዘካልጋሪ፦

ናቲዬ አዎ አንድ ሰው ነው፣ እንዲያውም ሁለቱም አልበሞች የወጡት በአንድ ቀን ነው፣ ሰኔ ወር 2011 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። እኔ ለጀማሪ ሁሌ የምለው አንድ ነገር ነው፣ የዚህን ሰው አልበሞች ነጥለህ አትስማቸው፣ ጥንድ ጥንድ አርገህ ስማቸው። ባንዱ የነደደውን በሌላው ነው የሚያበርደው። 1997ን ብቻ ተመልከት፣ በዛ ዓመት ከስትራፒንግ ያንግ ላድ ባንዱ ጋር ሲቲ የሚባለውን አወጣ፣ ከተማ ላይ ቆሞ በንዴት የሚጮህ ሰው ነው፣ በዛው ዓመት ደግሞ ኦሽን ማሽን ወጣ፣ ሰፊ፣ ሀዘን ያለበት፣ ባህር ዳር ቁጭ ብለህ የምትሰማው አይነት። በዛን ሰሞን ራሱ ፈልጎ ሆስፒታል ገብቶ ባይፖላር (ስሜት ከጫፍ ጫፍ የሚቀያየርበት የአእምሮ ሕመም) እንደተባለ በአደባባይ ተናግሯል፣ ሁለቱ አልበሞች ከየት እንደመጡ የገባውም ያኔ እንደሆነ። በ2003ም እንደዛው፣ ኤስዋይኤል (የስትራፒንግ ያንግ ላድ አጭር ስም) የሚለውን የባንዱን የከበደ አልበምና አክሰለሬትድ ኢቮሉሽን የሚለውን ዜማ የበዛበት አልበም ጎን ለጎን ነው የሰራቸው።

ስለዚህ ላንተ የምመክርህ ኦሽን ማሽንን አስቀድም፣ ከዛ የ2001ዱን ቴሪያን። ቴሪያ ካናዳን ዳር እስከ ዳር በመኪና ሲያቋርጥ ካየው ነገር ነው የመጣው፣ እኔ ደግሞ ከካልጋሪ ወደ ምስራቅ በዛ ሜዳ ላይ ስነዳ እሱን ነው የምከፍተው፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሰማዩ ብቻ ሲቀርህ ዲፕ ፒስ መሃል ላይ ያለው የጊታር ሶሎ ሲመጣ እንባዬን መቆጣጠር አልችልም። አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ፣ የኦሽን ማሽን የመጨረሻው ዘፈን በጣም ረጋ ብሎ አለቀ ስትል በድንገት ኃይለኛ ጩኸት ይለቀቅብሃል። በኢርፎን ለሊት የምትሰማ ከሆነ ድምፁን ቀነስ አርገው፣ ልብህ እንዳይቆም።

ጌች ድራመር፦

ሰላም ያለችው ጥሩ ነው ግን ስትራፒንግ ያንግ ላድን እንዲህ በአንድ መስመር ማለፍ ልክ አይደለም። ዴቪን እኮ በሃያ ምናምን ዓመቱ፣ በ1993፣ ታዋቂው ጊታሪስት ስቲቭ ቫይ አልበሙ ላይ በድምፅ ያስገባው ልጅ ነው፣ ከዛ ወጥቶ በሙዚቃ ኢንዱስትሪው ላይ የነበረውን ንዴት ሁሉ እዛ ባንድ ላይ ነው ያራገፈው። ሲቲ ላይ ጂን ሆግላን የሚመታውን ድራም ስማ፣ ሰውየውን አቶሚክ ክሎክ (ዝንፍ የማይል ሰዓት) የሚሉት በከንቱ አይደለም፣ ሁለቱ እግሮቹ በዛ ፍጥነት እየሄዱ እንኳን አንዷም ምት አትንሸራተትም። ከዛ በ2005 ኤሊየን የሚለው የባንዱ አልበም መጣ፣ ለኔ የከባድ ሙዚቃ ጫፍ እሱ ነው። ባንዱ በ2007 ከፈረሰ በኋላ ብዙ ቆንጆ ነገር ሰርቷል ግን ያ አደገኛ ነገር አልተመለሰም፣ ለስልሷል የሚሉት ሰዎች ዝም ብለው አይደለም። ናቲ ጩኸት ባትወድም ሲቲን አንድ ቀን ከዳር እስከ ዳር ስማው።

ሰላም ዘካልጋሪ፦

ጌችዬ ሆግላንን ካነሳህ አይቀር ቴሪያ ላይም የሚመታው እኮ ራሱ ነው፣ ያ ሁሉ ጉልበት ያለው ሰው እዛ ላይ እንዴት እንደሚታገስ ስማው። ኤሊየንን በተመለከተ ደግሞ እኔም እወደዋለሁ ግን ምን ከፍሎበት እንደሰራው አትርሳ። መድኃኒቱን አቁሞ ነው እዛ አልበም ውስጥ የገባው፣ ጤናውን እንደጎዳው ራሱ ተናግሯል። ከዛ በኋላ ባንዱን ተወ፣ መጠጥና እፅ ተወ፣ ፀጉሩን ተላጨ፣ በ2009 ኪ የሚባለውን አልበም ይዞ መጣ። ኪ ላይ ንዴቱ አለ፣ ታፍኖ ነው ያለው፣ ሊፈነዳ ነው ሊፈነዳ ነው ስትል ይመልሰዋል። ዱሪስ ማክስዌል የሚባል ከሜታል ዓለም ውጪ የነበረ አንጋፋ ድራመር ነው ያስገባው፣ በስሱ እየነካ ነው የሚመታው። ይሄን መለስለስ የሚለው ሰው አልገባኝም። ሰው በጩኸት የሚያወጣውን ነገር ይዞ መቀመጥ ከመጮህ ይከብዳል።

ሄኖክ ሳውንድ፦

ሰላም ናቲ፣ እኔ ስለ አሰማም ልንገርህ፣ ምክንያቱም ዲኮንስትራክሽን ራስህን ያዞረህ ግማሹ በሙዚቃው ግማሹ በምትሰማበት ነገር ሊሆን ይችላል። ይሄ ሰው አንድ ጊታር ቀድቶ አያቆምም፣ በላዩ ላይ ሌላ፣ በላዩ ላይ ሌላ፣ ከዛ የራሱን ድምፅ ደጋግሞ ቀድቶ ኮረስ ያረገዋል፣ ሁሉም ላይ ዲሌይና ሪቨርብ (ድምፁን የሚያስተጋቡ ኢፌክቶች) ይጨመርበታል፣ አንድ ትልቅ ግድግዳ ሆኖ ነው የሚመጣው። በስልክ ስፒከር ወይም በርካሽ ብሉቱዝ ስፒከር ስትሰማው ግድግዳው ይፈርስና ሹሹታ ብቻ ይቀርሃል። ፍላሽ ላይ ያለው ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜጋባይት ለመቆጠብ ተብሎ የተጨመቀ 128 ኤምፒ3 ነው (ቁጥሩ በሰከንድ የሚይዘው የዳታ መጠን ነው፣ ሲያንስ ጥራቱ ይቀንሳል)፣ ለአንድ ጊታርና ለአንድ ድምፅ ላያስታውቅ ይችላል፣ እንዲህ ለተደራረበ ሚክስ ግን ሲምባሎቹ ውሃ ውስጥ የገቡ ይመስላሉ። ፋይሉን ፕሮፐርቲስ ውስጥ ገብተህ እየው፣ 320 ወይም ፍላክ (ጥራቱ ሳይቀነስ የተቀመጠ ፋይል) ካለ እሱን ያዝ፣ በገመድ ሄድፎን ስማ፣ ድምፁን መካከለኛ አርገው።

ሌላ መግቢያ በር ልስጥህ፣ በ2017 ቡልጋሪያ ፕሎቭዲቭ ውስጥ በጥንቱ የሮማውያን ቲያትር ላይ ኦሽን ማሽንን ከዳር እስከ ዳር የተጫወተበት ቪዲዮ አለ፣ የከተማው ኦፔራ ኦርኬስትራም አብሮት ተጫውቷል። ሰውየው ሃያ ዓመት ያለፈውን ስራ በድንጋዩ ደረጃ መሃል ቆሞ ሲዘፍነው ፊቱን ስታይ ዘፈኖቹ ቶሎ ይገቡሃል፣ ባዶ ኦዲዮ ከመስማት ለጀማሪ ይሻላል ባይ ነኝ።

ክሩ ላላ፦

የቅኝቱን ጥያቄ እኔ ልመልስ። በለመድከው ቅኝት አልመጣ ያለህ ወደህ አይደለም፣ ሰውየው የሚጫወተው በኦፕን ሲ ነው። ከወፍራሙ ክር ወደ ቀጭኑ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ጂ፣ ሲ፣ ኢ። ከተለመደው ስትነሳ ስድስተኛውን (ወፍራሙን) ከኢ ወደ ሲ አራት ፍሬት (አንገቱ ላይ ያሉት የብረት መስመሮች) ያህል ታወርደዋለህ፣ አምስተኛውን ከኤ ወደ ጂ ሁለት፣ አራተኛውን ከዲ ወደ ሲ ሁለት፣ ሶስተኛው ጂ ባለበት ይቆያል፣ ሁለተኛውን ከቢ ወደ ሲ በአንድ ታጠብቀዋለህ፣ አንደኛው አይነካም። ሁለተኛው ላይ ቀስ በል፣ የሚጠብቀው ክር እሱ ብቻ ስለሆነ ያረጀ ከሆነ ሊበጠስ ይችላል። ቃኝተህ ስትጨርስ ምንም ሳትይዝ ክሮቹን ባንዴ ምታቸው፣ ሲ ሜጀር ኮርድ ይሰጥሃል።

ክራር ተጫዋች መጀመሪያ ትዝታውን ወይ ባቲውን ቃኝቶ እንደሚጀምረው አስበው፣ ክሮቹ ገና ሳይነኩ የዘፈኑን መንፈስ ይዘውታል። እዚህም አንድ ጣት አጋድመህ ኮርዱን ይዘህ ትንቀሳቀሳለህ፣ ሌሎቹ ጣቶች ነፃ ስለሆኑ ዜማ ትጨምርበታለህ፣ ያልያዝካቸው ክሮች ደግሞ ከስር እያንጎራጎሩ ይቆያሉ። ሄኖክ ግድግዳ ያለው ነገር ገና ስቱዲዮ ሳይገባ ከዚህ ይጀምራል። ማይነር ኮርድ ላይ ትንሽ ትቸገራለህ፣ አጋድሞ መያዝ ሁሌ ሜጀር ስለሚሰጥህ ተጨማሪ ጣት ይፈልጋል። ለመለማመጃ ከጎስት ቀርፋፎቹን ያዝ፣ በአኩስቲክም ያምራሉ።

ማሂ፦

ሁላችሁም ስለ 2014ቱ ካዥዋልቲስ ኦፍ ኩል ዝም አላችሁ፣ ጩኸት ለማይወድ ሰው እኮ ከሁሉም በፊት የሚሰጠው እሱ ነው! ሼ ኤሜ ዶርቫል ከምትባል ዘፋኝ ጋር ነው የሰራው፣ ካንትሪና ብሉዝ ነው፣ ለሊት ራቅ ካለ ሬዲዮ የሚመጣ ድምፅ ይመስላል፣ አንድም ሜታል የለበትም። ገንዘቡን አድማጮቹ አዋጥተው ነው የወጣው፣ ከጠየቀው በላይ በብዙ ተዋጣለት። ይሄን ያህል ሰው ሜታል ላልሆነ አልበም ኪሱ የገባው ሰውየውን ስለሚያምነው ነው ብዬ አምናለሁ።

ደግሞ ቡና ለሚወድ ሀገር ሰው ዚልቶይድ እንዴት ይረሳል? የ2007 አልበም ነው፣ ከሌላ ፕላኔት የመጣ ፍጡር ምድር ላይ ያለውን ምርጥ ቡና አምጡልኝ ይላል፣ የቀረበለትን ቀምሶ አልወደደውምና ጦርነት ይከፍታል። ሙሉውን ብቻውን ነው የሰራው፣ ድራሙን ሳይቀር በኮምፒውተር ፕሮግራም አርጎ። ለመዝናናት ጥሩ ነው።

ለስልሷል ወይ ለሚለው ደግሞ የኔ መልስ የ2019ኙ ኤምፓዝ ነው። ሶስት ድራመር፣ ኳየር፣ ኦርኬስትራ፣ ብላስት ቢት (በጣም የፈጠነ የድራም አመታት)፣ የሙዚቃዊ ቲያትር አይነት ዘፈን፣ ሁሉም አንድ አልበም ውስጥ ናቸው። ድሮ አንዱን ባሕርዩን እዚህ አልበም ላይ ሌላውን እዛኛው ላይ ይከፋፍል ነበር፣ ኤምፓዝ ላይ ሁሉንም አንድ ላይ አስቀመጣቸው። የመጨረሻው ሲንጉላሪቲ ሃያ ምናምን ደቂቃ ነው፣ ስቲቭ ቫይም ጊታር ይዞ እዛ ላይ ይመጣል፣ ያ በ1993 ያስገባው ሰውዬ። ጌች አደገኛ ነገሩ አልተመለሰም ላልከው የሲንጉላሪቲን መሃል ስማና ንገረኝ።

ጌች ድራመር፦

ማሂ እሱን አልክድሽም፣ ሲንጉላሪቲ መሃሉ ላይ ያበደ ነው፣ ኤምፓዝ ላይ የሚመቱት አኑፕ ሳስትሪና ሞርገን ኦግረንም በጣም የማከብራቸው ድራመሮች ናቸው። ግን ለኔ ኤምፓዝ ላይ ያለው ንዴት ታስቦበት የተቀመጠ ንዴት ነው፣ ሲቲ ላይ ያለው ሳያስበው የወጣ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፣ እኔ ያልታሰበበትን እመርጣለሁ፣ በዚህ አንስማማም።

ናቲ ከሃያሁለት፦

ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም! ፋይሉን አየሁት፣ ሄኖክ እንዳልከው ግማሹ 128 ነው፣ ባልደረባዬን የተሻለ ካለው እጠይቀዋለሁ። ካዥዋልቲስ ኦፍ ኩል፣ ጎስት፣ ኦሽን ማሽን (ከፕሎቭዲቩ ቪዲዮ ጋር)፣ ቴሪያ፣ ከዛ ኪ፣ ከዛ ኤምፓዝ ብዬ ጻፍኩ፣ ሲቲን ለጌች ስል ከኦሽን ማሽን ቀጥሎ አስገብቼዋለሁ። ዲኮንስትራክሽንን መቼ ልመለስበት? ክሩ ላላ፣ ጊታሬን ቃኘሁት፣ ድምፁ ደስ ይላል ግን ወፍራሙ ክር ላልቶ ፍሬቱ ላይ ይንጫጫል፣ ምን ላርግ?

ሰላም ዘካልጋሪ፦

ዲኮንስትራክሽንን ከኤምፓዝ በኋላ አርገው፣ ያኔ ጆሮህ ለምዷል። ታሪኩንም ይዘህ ግባ፣ የሕይወትን ሚስጥር ፍለጋ ሲኦል ድረስ የወረደ ሰው ነው፣ ሰይጣን ሚስጥሩን ቺዝበርገር ውስጥ አርጎ ይሰጠዋል፣ ሰውየው ግን ስጋ አይበላም። ይሄን ካወቅህ ሙዚቃው ለምን እንደዛ እንደሚተራመስ ይገባሃል። እንግዳ ሆነው የገቡትንም ድምፆች እየለየህ ስማ፣ የኦፔዝ ባንዱ ሚካኤል ኦከርፌልትና የጎጂራ ባንዱ ጆ ዱፕላንቲየ አሉበት። እንደጨረስክ በዛው ቀን ጎስትን ድጋሚ ክፈተው።

ክሩ ላላ፦

የሚንጫጫው ከ9 የሚጀምር ቀጭን ክር ስላለበት ይመስለኛል። ከ10 እስከ 52 (የክሮቹ ውፍረት ቁጥር ነው) የሚል የክር ስብስብ ፈልግ፣ ቀጭኖቹ ቀጭን ሆነው ወፍራሞቹ ይበልጥ የወፈሩ ማለት ነው፣ ለዚህ ቅኝት ልክ ነው ምክንያቱም የምታላላቸው ወፍራሞቹን ነው። ክሩን ከቀየርክ በኋላ አንድ ቀን አሳድረውና እንደገና ቃኘው፣ አንገቱ ትንሽ ይንቀሳቀሳል። ያኔም ካልተወ ብሪጁን (ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን) በትንሹ ከፍ አርገው፣ ትረስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን ብረት) ግን የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አትንካው።