60 ሊሞላኝ 3 ዓመት ቀረኝ፣ እጄ ላይ ግን ምንም የለም (አዳማ)

የዱቄቱ ሰው፦

ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የናዝሬት ልጅ ነኝ፣ አሁንም እዚሁ አዳማ ነው የምኖረው። 57 ዓመቴ ነው። ከ1996 ጀምሮ አንድ ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ እሠራለሁ።

60 ሲሞላኝ ውጣ መባሌ አይቀርም። ባንክ ያለኝ ብር ለሦስት ወር አስቤዛ አይበቃም፣ እውነቱን ነው የምላችሁ። ዕድሜዬን ሙሉ ዕቁብ ጥያለሁ። ግን ዕጣው በደረሰ ቁጥር ወይ የልጅ ትምህርት ቤት ነው፣ ወይ የእናቴ ሕክምና ነው፣ ወይ ጣሪያው ያፈስሳል። ትልቁ ልጄ ተመርቆ ሥራ እየፈለገ ነው፣ ትንሿ ገና 10ኛ ክፍል ናት። ያለኝ ነገር ቢኖር ካርታ ያለው ጭቃ ቤት ነው፣ ከጀርባው ትንሽ ባዶ ቦታ አለው።

ፋብሪካው የጡረታ መቁረጥ የጀመረው በ2009 ነው። በወር 11,000 ብር አገኛለሁ። ስወጣ ስንት እንደሚደርሰኝ ግን የነገረኝ የለም። ቢሮ ስጠይቅ «ያኔ ታየዋለህ» ይሉኛል።

አሁን ሰው ሁሉ መካሪ ሆኗል። አንዱ የቦታህን ግማሽ ሽጠህ ባጃጅ ግዛ ይላል። ሌላው ተበድረህ ከጀርባ ሰርቪስ ሠርተህ አከራይ ይላል። ባለቤቴ ደግሞ ሁለቱንም አትነካም፣ ልጆች አሉን ትላለች። እኔ ልጅ ላይ መንጠልጠል አልፈልግም። እነሱም ገና ራሳቸውን አልቻሉም። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል፣ በተለይ ቁጥር ያለው መልስ።

ፔሮል ሠሪው፦

ጋሼ ሰላም ነዎት። እኔ አዳማ ውስጥ የአንድ ድርጅት ሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፣ የጡረታ መዋጮ በየወሩ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ባጃጁንና ሰርቪሱን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የራስዎን የጡረታ አበል ይወቁ፣ «ያኔ ታየዋለህ» የሚባል ነገር የለም፣ ስሌቱ ማንም በስልኩ የሚሠራው ነው።

የግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የመጣው በ2003 በአዋጅ 715 ነው። በ2014 በአዋጅ 1268 ተተክቷል። ከሠራተኛው ደመወዝ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ ድርጅቱ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። 10 ዓመት ያገለገለ ሰው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ደመወዙ ተወስዶ 30 በመቶው ይታሰብለታል። ከ10 ዓመት በላይ ላለው ለእያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። ጣሪያው 70 በመቶ ነው። 10 ዓመት ያልሞላው ወርሃዊ አበል የለውም፣ አንድ ጊዜ ተከፍሎት ይሰናበታል።

የእርስዎን እናስላው። ከ2009 እስከ 2021 (60 እስከሚሞላዎት) ያለው 12 ዓመት ነው። 30 ሲደመር 2.5፣ ማለትም 32.5 በመቶ። ደመወዝዎ ሙሉው 11,000 ሆኖ ተመዝግቦ ከሆነ በወር 3,575 ብር ይደርስዎታል። ከሆነ ነው ያልኩት፣ ምክንያቱም ሌላ ጣጣ አለ።

ጡረታ የሚታሰበው በመነሻ ደመወዝ (ቤዚክ በሚባለው) ላይ ብቻ ነው። ኦቨርታይም፣ የትራንስፖርት አበል፣ የቤት አበል፣ ቦነስ፣ እነዚህ አይገቡም። ብዙ ድርጅት 18 በመቶውን ለመቀነስ ሲል ደመወዙን ትንሽ አድርጎ ይመዘግብና ቀሪውን በአበል ስም ይሰጣል። ሠራተኛውም እጁ ላይ የሚገባው ስለሚበዛ ዝም ይላል። ጉዳቱ የሚታየው 60 ሲሞላ ነው። ስለዚህ የደመወዝ መክፈያ ወረቀትዎ ላይ «መነሻ ደመወዝ» የሚለውን ይዩና ይንገሩን።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ከ2003 እስከ 2009 ያለው የት ሄደ? ፕሮቪደንት ፈንድ (በጡረታ ፈንታ ድርጅቱና ሠራተኛው የሚያጠራቅሙት ገንዘብ) ነበራችሁ? ካልነበራችሁ ድርጅቱ መክፈል ነበረበት፣ 6 ዓመት ቀላል አይደለም። ሦስተኛው፣ ከፋብሪካው በፊት መንግሥት ቤት ሠርተው ያውቃሉ? የመንግሥት አገልግሎትና የግል ድርጅት አገልግሎት ይደመራል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ ወረቀቱን ሳጥን ውስጥ አስቀምጦ ጡረታ ይወጣል።

የወንጂዋ፦

ወንድሜ፣ እኔ ስለ ስሌት ብዙ አላውቅም። የማውቀውን ልንገርህ። ባለቤቴ ጡረተኛ ነበር፣ ካረፈ ቆይቷል። ጡረተኛ ሲሞት አበሉ እንዳለ ለሚስት ይተላለፋል ብዬ ነበር የማስበው፣ የሚተላለፈው ግማሹ ብቻ ነው። ከ3,575 ላይ ግማሹን አስበው። ለባለቤትህ ይህን ዛሬ ንገራት፣ «ልጆች አሉን» የምትለው ይህን ሳታውቅ ሊሆን ይችላል።

ሌላው የወረቀት ነገር ነው። እኛ ተክሊል ነው የተጋባነው፣ የማዘጋጃ ቤት ወረቀት አልነበረንም። እሱ ከሞተ በኋላ ሚስቱ መሆኔን ለማረጋገጥ ስንት ደጅ ጠናሁ፣ ምስክር፣ ፍርድ ቤት፣ ፎቶ ኮፒ። በቁማችሁ እያላችሁ የጋብቻ ማስረጃ አውጡ። መሥሪያ ቤት የምትሞላው የሕይወት ታሪክ ፎርም ላይ እሷና ልጆቹ መመዝገባቸውን በዓይንህ አረጋግጥ። ስምህ መታወቂያው ላይና ፎርሙ ላይ አንድ ዓይነት መሆኑንም እይ። የአያት ስም ላይ አንዲት ፊደል ብትለይ ያንከራትቱሃል።

ደግሞ የዕድሜ ነገር። አንዳንዱ 60 ሲደርስ ቀበሌ ሮጦ ዕድሜ ለመቀነስ ይሞክራል። የሚሠራው መጀመሪያ ስትቀጠር ያስመዘገብከው ነው፣ አትልፋ።

እኔ በምን እኖራለሁ ላልከኝ (አላልከኝም፣ ግን ልንገርህ) ጠዋት ጠዋት እንጀራ ጋግሬ ለሁለት ምግብ ቤት አስረክባለሁ። አበሉ ለመብራት፣ ለውኃ፣ ለዕድርና ለመድኃኒት ይሆናል። ምግቤ ከምጣዱ ነው።

ባለ ሦስት እግር፦

ስለ ባጃጁ እኔ ልመልስ፣ ሥራዬ ስለሆነ። ጋሼ አይሞክሩት። መሬት ሸጦ ባጃጅ ማለት የማያረጅ ነገር ሰጥቶ የሚያረጅ መውሰድ ነው። ራሴ እነዳለሁ ካሉ በዚህ ዕድሜ ቤንዚን ሰልፍ ላይ ማደር አለ፣ ፀሐዩ አለ፣ ወገብ አለ። ሹፌር ቀጥሬ የቀን ገቢ እቀበላለሁ ካሉ ደግሞ ልጁ ለራሱ ነው የሚነዳው፣ ሞተሩን ጨርሶ ቁልፉን መልሶልዎት ይሄዳል። የጋራዡ ወጪ የእርስዎ ነው፣ ኢንሹራንሱ የእርስዎ ነው፣ የትራፊክ ቅጣቱም ዞሮ ዞሮ እርስዎ ጋር ይመጣል። እዚህ ከተማ ባጃጅ ገዝቶ ያተረፈ ጡረተኛ የለም አልልም፣ አለ፣ ግን ሰውየው ድሮም መካኒክ ነበር።

ሰርቪሱ ይሻላል። አዳማ ተከራይ አይጠፋም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ አለ፣ ሠራተኛ አለ። ብቻ አራት ክፍል ካልሠራሁ ብለው ብድር ውስጥ አይግቡ። አንድ ክፍል በእጅ ባለው፣ ከዚያ በኪራዩ ሁለተኛውን።

እውነት ይነገር፦

ሁላችሁም ሰውየውን በስሌት አታድክሙት። አባቴ የቀን ሠራተኛ ነበር፣ ጡረታ የሚባል አያውቅም፣ እኛ ልጆቹ ነን የጦርነው። አገራችን እንዲህ ነው የኖረችው። ገንዘብህን ልጅ ካላስተማርክበት ምን ልታደርገው ነው? ልጆቹ ይጡሩት፣ አለቀ።

የወንጂዋ፦

አንተ መልካም ልጅ ሆነህ ነው እንዲህ የምትለው፣ እግዚአብሔር ይባርክህ። ግን የሰውየው ልጅ ተመርቆ ሥራ የለውም፣ አላነበብክም እንዴ? አሁን ደመወዝተኛ የሆነው ልጅ እንኳ የቤት ኪራዩን ከፍሎ ወር አይደርስም። መጦር እፈልጋለሁ ማለትና መጦር መቻል ይለያያል። እኔ ልጄ ሲልክልኝ እቀበላለሁ፣ ባይልክልኝ ደግሞ ምጣዴ አለ።

የዱቄቱ ሰው፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ቁጥር የፈለግኩት ለዚህ ነበር።

ትናንት የክፍያ ወረቀቱን አየሁ። መነሻ ደመወዝ የሚለው 6,000 ነው። ቀሪው 5,000 «ልዩ ልዩ አበል» ይላል፣ ምኑ ልዩ እንደሆነ እንጃ፣ በየወሩ እኩል ነው የሚመጣው። በ32.5 በመቶ አሰላሁት፣ 1,950 ብር። ባለቤቴ ሰማችና ዝም አለች። እኔ ብሞት ለእሷ የሚተላለፈው የዚህ ግማሹ ብቻ መሆኑን አልነገርኳትም ገና።

ፕሮቪደንት ፈንድ አልነበረንም። የመንግሥት አገልግሎት ላልከው ግን አለኝ፣ ከ1983 እስከ 1987 አንድ የመንግሥት ኮርፖሬሽን ውስጥ ሠርቻለሁ፣ 4 ዓመት። የቅጥር ደብዳቤዬና የስንብት ወረቀቴ ቤት አሉ፣ አይጥ ጥጉን በልታዋለች እንጂ ማኅተሙ ይታያል።

ጥያቄዬ ይህ ነው። አሁን ሄጄ ደመወዜን አስተካክሉ ብላቸው ቢያባርሩኝስ? 3 ዓመት ነው የቀረኝ፣ በዚህ ዕድሜ ማን ይቀጥረኛል?

ፔሮል ሠሪው፦

ጋሼ፣ ፍርሃትዎ ትክክል ነው። ስለዚህ ከቀላሉ እንጀምር።

የ4 ዓመቱን ከድርጅቱ ጋር ሳይነጋገሩ መጨረስ ይችላሉ። ወረቀቱን ይዘው የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና ቢሮ ይሂዱና ፋይልዎ ላይ እንዲያያዝ ይጠይቁ። ያኔ ሲወጡ የተከፈለዎት ነገር ካለ እሱንም ይንገሩ። እዚያው እያሉ በስምዎ ስንት ዓመት እና በስንት ብር ደመወዝ መዋጮ እንደገባ ያስታዩ። ይህን መጠየቅ መብትዎ ነው። 4ቱ ከገባ 16 ዓመት ይሆናል፣ 37.5 በመቶ። የ2003ቱ 6 ዓመት ከተጨመረ 22 ዓመት፣ 45 በመቶ። በ11,000 ቢሆን 4,950 ብር ማለት ነው፣ ከ1,950 ጋር ያስተያዩት።

ደመወዙን በተመለከተ ብቻዎን አይሂዱ። እንደ እርስዎ 50ን ያለፉ ሰዎች ፋብሪካው ውስጥ መኖራቸው አይቀርም፣ የሁሉም ወረቀት ተመሳሳይ ነው። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል፣ ከሌላችሁ ሦስት አራት ሆናችሁ። ንግግሩም «አጭበረበራችሁን» ተብሎ አይጀመር። «በየወሩ የማይለዋወጠው አበል ወደ ደመወዝ ይዙርልን» በሉ። ከእናንተም 7 በመቶው ስለሚቆረጥ እጃችሁ ላይ የሚገባው ትንሽ ይቀንሳል፣ ታክሱም ሊነካው ይችላል፣ ይህን ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፣ አለበለዚያ ወጣቶቹ ይቃወሟችኋል።

ጊዜው ደግሞ አሁን ነው። የሚታየው የመጨረሻዎቹ 3 ዓመታት አማካይ ስለሆነ የእርስዎ ሰዓት መቁጠር ጀምሯል። በሚመጣው ዓመት ቢስተካከል አንዱ ዓመት በ6,000 ተቆጥሮ አማካዩን ወደ ታች ይጎትተዋል።

የ6 ዓመቱን ጉዳይ ለመጨረሻ ያቆዩት፣ ድርጅቱን በቀጥታ የሚነካው እሱ ነው። እስከዚያ ግን የድሮ የክፍያ ወረቀት፣ የቅጥር ደብዳቤ፣ የባንክ ደብተር፣ ያገኙትን ሁሉ ይሰብስቡ፣ ፎቶ አንስተው ለልጅዎ በቴሌግራም ይላኩለት።

ባለ ሦስት እግር፦

ጋሼ ቢሮው የሚሄዱበትን ቀን ይንገሩኝ፣ እኔ አደርስዎታለሁ። ሒሳብ የለም።

የዱቄቱ ሰው፦

ሰኞ የሌሊት ሺፍት ነኝ፣ ማክሰኞ ጠዋት ይመቸኛል። በውስጥ መስመር ስልክህን ላክልኝ።